ጨው ይበላል

ፍል ውሃና የፈላ ውሃ አንድ አይደሉም። ይህን የማያውቅ ሰው ፎገራ ላይ አልተወለደም። ፍል ውሃ ማለት ወንዛዬ ነው፤ ማንም እሳት ሳያነድበት ከመሬት እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፣ ቁርጥማት የያዘው ሁሉ ሄዶ ይዘፈዘፍበታል። የፈላ ውሃ ግን ሰው ያፈላው ነው፤ ለገንፎ ይሆናል እንጂ ለበሽታ አይሆንም። ነገሬን ከዚህ የምጀምረው ወድጄ አይደለም። እናቴ ላይ የደረሰው ሁሉ የተጀመረው ከዚህ የቃል ልዩነት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ቃል አለ፣ ወደ እሱ እደርሳለሁ።

እኛ ባለ እጆች ነን። አባቴ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፣ እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። በወረታ ዙሪያ ማረሻውን አባቴ ያልሳለለት ገበሬ፣ ከእናቴ ጋን ያልጠጣ ደጋሽ አልነበረም። ፊት ለፊት «ባለ እጅ» ይሉናል፤ ዞር ስንል «ቡዳ» ይሉናል። ቡዳ ማለት በዓይኑ የሚበላ ማለት ነው። በዚያ አገር ልጅ ሲያተኩሰው ታመመ አይባልም፣ ተበላ ይባላል። ላም ስትነጥፍ ተበላች፣ ጎረምሳ ሲከሳ ተበላ። በላተኞቹ ደግሞ ሁልጊዜ እኛ ነን። በእኛ ማረሻ አርሰው፣ በእኛ ጋን ጠምቀው፣ በእኛ ድስት ወጥ ሠርተው ሆዳቸው እስኪተረተር የሚበሉት እነሱ፣ በላተኞቹ እኛ።

እኔ ያን ጊዜ ትዳሬ ፈርሶ አባቴ ቤት የተመለስሁ ሴት ነበርሁ። ባሌ የማን ልጅ እንደሆንሁ ሳያውቅ አልነበረም ያገባኝ። እናቱ ግን ልጇ ባሳለ ቁጥር ዘወር ብላ እኔን ታየኝ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ሲያስል ከረመና እኔ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ሳሉ ከእኔ ጋር አብሮ እንዳልወጣ በኋላ ሰምቻለሁ።

እናቴ ቁርጥማት ነበረባት። ዕድሜዋን ሙሉ እርጥብ ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብላ ስለኖረች ጉልበቷ ታጥፎ መዘርጋት አቃተው፤ ጣቶቿም እንደ ደረቀ ሥር ወደ ውስጥ ዞሩ። አንዳንዱ ሰው «ጓያ በልታ ይሆናል» ይል ነበር፤ ጓያውንስ ብታገኘው! በበጋ ወንዛዬ እንወስዳትና ትንሽ ትፈታ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ይይዙታል፣ ፎገራ ባሕር ይሆናል፣ ወንዛዬም ለእኛ የለም ማለት ነው። ቁርጥማት የሚብሰው ደግሞ በክረምት ነው። እግዜር እንዲህ ያለውንም ቀልድ ያውቃል።

ስለቷ አንድ ነበር። በኅዳር ሚካኤል ቁሐር ካለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ማንም ሳይደግፋት፣ ያለ ምርኩዝ፣ በራሷ እግር ሄዳ ደጁን መሳለም። ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም። ሸክላውን እንኳ የምታስበው ከዚያ በኋላ ነበር።

ወረታ ውስጥ ቁርጥማት ያለባት ሌላ ሴት ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ሰው ሁሉ እመይቴ ይላት ነበር፣ እኔም እመይቴ እላታለሁ። ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን እኩል አራሾች የሚያርሱላት ባለ ርስት ናት። በዚያ ዘመን አንቱ እያልሁ፣ ጎንበስ ብዬ እግሯን አጥቤያለሁ። አሁን ግን የምናገረው እኔ ስለሆንሁ አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ።

እመይቴም በበጋ በበቅሎ ወንዛዬ ትወርዳለች፤ ክረምት ሲገባ እንደ እናቴ ቤቷ ተዘግታ ታቃስታለች። በዚህ ብቻ እኩል ነበርን። አንድ ጊዜ የእህቷ ልጅ ከአሥመራ መጣ። እዚያ ጣሊያኖች የሚዋኙበት ገንዳ አይቶ ነበር፤ ውሃው በብረት ማሞቂያ ውስጥ እየዞረ እንደሚሞቅ አወራላት።

«እመይቴ፣ ወንዛዬን ጓሮዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ» አላት።

ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ጓሮዋ ተቆፈረ፣ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ቆሞ ለሚገባ ሰው እስከ ደረቱ የሚደርስ ገንዳ ሆነ። ማሞቂያው በጭነት መኪና በጎንደር በኩል መጣ። ከሥሩ እሳት የሚነድበት፣ እሳቱን ወፍራም ብረት የከበበው፣ ሆደ ሰፊ በርሜል ነው፤ ከጎኑ ሁለት ቧንቧ ወጥቶለታል። በአንዱ ቀዝቃዛው ከገንዳው ይገባል፣ በሌላው የሞቀው ወደ ገንዳው ይመለሳል። እናቴ «የብረት ጋን» አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸና። የእህቷ ልጅ «የልጅ ልጅዎ ይታጠብበታል» ብሎ ምሎላት ነበር። እመይቴ ልጅ አልነበራትም፣ ግን ደስ አላት።

ቧንቧዎቹ መንገድ ላይ ተጣመው ስለነበር አባቴ ተጠራ። አቀናቸው፣ ለበርሜሉ እግር ሠራለት፣ ማሰሪያ ቀለበት አጠለቀለት። ሲጨርስ እመይቴ «ምን ይሰጥህ?» አለችው። አባቴ መሬት መሬት እያየ፣

«እመይቴ፣ ሌላ አልሻም። ሚስቴን ቁርጥማት ይዟታል። እርስዎም እንግዳዎም ታጥበው ሲያበቁ፣ ከሁሉ በኋላ ትግባበት» አላት።

አሰበችና ፈቀደች። ያስፈቀደቻት «ከሁሉ በኋላ» የምትለዋ ቃል ሳትሆን አትቀርም። ያችው ቃል ናት በኋላ ያሰረችን።

እኔም በዚያው እሳት አንዳጅ ሆንሁ። ፎገራ ላይ እንጨት ብርቅ ነው፣ ከብት ግን ሞልቷል። በበጋ ኩበት ጠፍጥፌ አደርቃለሁ፣ እከምራለሁ፤ በክረምት ከብረቱ ጋን ሥር እማግዳለሁ። ገንዳውን የሞላው ውሃ ከጉድጓድ በአህያ እየተጫነ ነው የመጣው፤ አህዮቹ ጀርባቸው ተላጠ። ስለዚህ ውሃው አንዴ ከሞላ አይለወጥም፣ ሲጎድል ይጨመርበታል እንጂ። የእህቷ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ቁምጣ ታጥቆ ገብቶ ዋኘ። የተሰበሰበው ሰው ሰጠመ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ የዋኘበት ሰው አላየሁም፤ ሁሉም እየገባ እንደ ሽምብራ ተዘፍዝፎ ይወጣል።

የመጀመሪያው ክረምት፣ እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ክረምት ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ እናቴን አዝዬ እወስዳታለሁ። ክብደቷ ያን ጊዜ አንድ እንቅብ ኩበት አይሞላም። ደረጃው ላይ አስቀምጣትና ቀስ እያልሁ እዘፈዝፋታለሁ፤ እሷ ውሃው ውስጥ፣ እኔ እሳቱ ዘንድ። «እሰይ፣ እሰይ» ትል ነበር ለራሷ። ትንሽ ሰንብታ አንድ ምሽት ጠራችኝ።

«ይቺን እይልኝ!» አለችኝ፣ አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ለይታ እያወዛወዘች።

ክረምቱ ሳይወጣ «ጭቃ አምጭልኝ» ብላ አንዲት ማሰሮ ሠራች። ጠማማ ነበረች፣ ግን ውሃ ትይዛለች። በዚያ ዓመት ለኅዳር ሚካኤል በምርኩዝ ቁሐር ደረሰች። «የዛሬ ዓመት ምርኩዙን ለሚካኤል ትቼለት እመጣለሁ» አለች ደጁ ላይ ቆማ። ቤት ስንመለስ እግርሽን ልጠብሽ ብላት አሻፈረኝ አለች። በራሷ እግር ረግጣ ያመጣችው ጭቃ ስለሆነ እስኪያድር ልታየው ፈለገች።

እመይቴ ግን ልቧ አልሞላም። ውሃው ይሞቃል፣ ጉልበቷም ይፈታል፤ ነገር ግን ከወንዛዬ የመጣ ሰው «ያንቱስ ፍል ውሃ እንዴት ነው?» ብሎ ፈገግ ሲል አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር። አንድ ቀን ገንዳው ዳር ተቀምጣ በእፍኟ ቀዳችና ቀመሰች።

«ወንዛዬ ጨው ጨው ይላል፤ ይሄ አልጫ ነው» አለች። «የፈላ ውሃ እንጂ ፍል ውሃ አይዶለም።»

«እሳት ስለሚነድበት ነዋ፣ እመይቴ» አልኋት።

«አፍሽን ያዥ። ጨው ቢጎድለው ነው።»

ወዲያው ከጓዳ አሞሌ ጨው ወጣ። እኔ በሙቀጫ ወቀጥሁ፣ ገንዳው ውስጥ በተንሁ። እሷ ቀመሰች፣ «ጨምሪ» አለች። ወቀጥሁ፣ በተንሁ፣ ቀመሰች። «አሁን ወንዛዬን መሰለ» አለችና ገባችበት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ። ለላሞቹ የመጣው አሞሌ ለገንዳው ሲሆን ላሞቹ ግድግዳ መላስ ጀመሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልልም፤ የታዘዝሁትን ነው ያደረግሁት። እኔም ብሆን አምኜ ነበር። በሽተኛ ያለበት ቤት የማያምነው ነገር የለም። እናቴም «ጨው ከገባበት ወዲህ ይሻላል» ትል ነበር፤ ጨው ሳይገባበትም ያው እንደዚያው ትል እንደነበር ረስታዋለች።

የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ውሃው መልኩን ለወጠ። መጀመሪያ የቅራሪ መልክ ያዘ፣ እያደር ጠላ መሰለ። እመይቴ ነጭ ኩታዋ ሲቀላ አይታ እልል አለች።

«መድኃኒቱ ወጣ!» አለች። «አሁን ነው ፍል ውሃ የሆነ!»

ኩታውን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳይ ነበር። ሰው በቅል እየቀዳ ለቤተሰቡ ይወስድ ጀመር፤ የሚጠጣውም ነበር። እኔ ግን ከብረቱ ጋን ሥር አመድ ስጠርግ ከአመዱ ጋር የብረት ቅርፊት ይወርድ ነበር። እንደ ቂጣ ቅርፊት ይፈረካከሳል። አንዱን ወስጄ ለአባቴ አሳየሁት። በጣቱ አሽቶ ዱቄት አደረገው።

«ከውስጥ አልቋል» አለኝ። «ጨው ነው።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!» አለች እናቴ ከመደቧ ላይ ሆና።

አባቴ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ምን ብዬ? ብረቱ እየተበላ ነው ብዬ? ኸኔ አፍ ይቺ ቃል ትውጣ?»

ተናድጄ እኔው ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ቃል ስመርጥ ነበር፤ «በላ» የምትለዋ አፌ ውስጥ እንዳትገባ እፈራ ነበር። እመይቴ ፊት ቆሜ፣ «እመይቴ፣ ብረቱ ዝጓል፤ ጨው ባይጨመርበትስ?» አልኋት።

«የወንዛዬስ ድንጋይ ቀይ አይዶለም እንዴ?» አለችኝ። «ደግሞ ጨውን ከነገርሽ አታግቢ። ጨውን ያስጨመርሁ እኔ ነኝ።»

እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ። ቤት ተመልሼ ስነግረው አባቴ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የአባቴ ሆድ እኛን ሁሉ ውጦ ዝም የሚል ሆድ ነበር። ብዙ ዘመን ተቀይሜዋለሁ። እያደር ግን ቢናገርም ባይናገርም ያው እንደነበር ገባኝና ግማሹን ይቅር ብየዋለሁ።

ርብና ጉማራ ሜዳውን በያዙበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እሳት ልለኩስ ብሄድ ምድጃው ላይ ውሃ ተኝቶበታል። ከብረቱ ጋን ሆድ ውሃ መንጠባጠቡ ቀርቶ ይወርዳል። የገንዳውም ውሃ በዚያው እየሸሸ ወጥቶ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀርቷል። ወለሉ ላይ ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል። እናቴ በዚያው ሰሞን ያለ ምርኩዝ ከመደቧ እስከ በሩ መሄድ ጀምራ ነበር።

የእህቷ ልጅ ጎንደር ሄዶ መካኒክ ይዞ መጣ፤ ቱታ የለበሰ፣ የቸኮለ ሰው። ቤተሰቡም እንግዳውም ጎረቤቱም ጓሮው ላይ ተሰበሰበ። እናቴ «ዛሬ ይጠግኑት ይሆናል፣ ውሰጅኝ» አለችኝ። አዝዬ ወሰድኋትና አጥሩ ሥር፣ የኩበቱ ክምር ጥግ አስቀመጥኋት። መካኒኩ እጁን በቀዳዳው ሰደደና ቀይ ዱቄት ዘግኖ አወጣ።

«ተበልቷል» አለ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰውዬው ምን እንደተናገረ አልገባውም። በእሱ ሙያ የዘወትር ቃል ናት፤ ጎማም ይበላል፣ ቡሎንም ይበላል፣ ማንም ማንን አይጠረጥርም።

«ማን በላው?» አለች እመይቴ።

«ማን?» አለ መካኒኩ ግራ ተጋብቶ። የቀረውን ውሃ በጣቱ ነክቶ ቀመሰና ተፋው። «ጨው ነው የበላው፣ እመይቴ። ይሄ ጨው ብቻ እኮ ነው!»

«ጨው ይበላል እንጂ ይበላል?» አለችው።

የመጀመሪያውን አጠበቀች፣ ሁለተኛውን አላላች። ሲጻፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሲነገር ግን አንዱ ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው፣ ሌላው ጥርስ ያወጣ ጨው ነው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ወይ እመይቴ! ወይ አነጋገር!» ተባለ። እኔም ሳላስበው ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይህን ነው። መካኒኩ ጥቂት ተከራከረ። ምሳ ቀርቧል ሲባል ግን እሱም ሳቀና ነገሩን ተወው። አልወቅሰውም ብል ውሸት ነው፤ እወቅሰዋለሁ። እጁን ሲያስታጥቡት ያ ቀይ ዱቄት ከጣቶቹ ታጥቦ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ።

ሳቁ ሲበርድ ጥያቄው እዚያው ነበር። ያነሳችው የእመይቴ ወጥ ቤት ናት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ድስቶቿ ሁሉ የእናቴ እጅ ሥራ ናቸው።

«ከሁሉ በኋላ የሚገባው ማነው?» አለች።

የሰው ዓይን መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ኩበቱ ክምር ዞረ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እመይቴ» አልሁ፣ «እናቴ እንኳን ብረት ቆሎም አታኝክ። ጥርስ የላትም እኮ!»

«ቡዳ በጥርስ አይበላም» አለች እመይቴ። አልጮኸችም። ወጡ ጨው ጎደለው እንደምትለው አድርጋ ነው ያለችው። «ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ቤት ብረት ቢርበው ምን ይገርማል? ያስገባሁት እኔው ነኝ። አውጧት።»

ማንም አልነካትም፤ ሊነኳት ይፈሩ ነበር። አዝዬ ያወጣኋት እኔው ነኝ። ሰው ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀልን፤ ለሹም እንኳ እንደዚያ አይለቀቅም። ጀርባዬ ላይ ሆና በጆሮዬ «ፍጠኚ፣ ሰው ፊት እንዳታለቅሽ» አለችኝ። አላለቀስሁም። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። ያ ጨው ጣፍጦ ከእመይቴ ጓዳ ቀረ፣ የተጣልነው እኛ ነን።

ከዚያ ቀን ወዲያ የእናቴን ሸክላ የሚፈልግ ጠፋ። በእጃቸው ያለውን ድስት ግን ማንም አልሰበረም። ማረሻ የሚያስል ገበሬ ብረቱን በአጥር ወርውሮልን ይሄዳል፣ ሲያልቅ በአጥር ይቀበላል። እናቴ በዚያ ክረምት ተመልሳ ተዘጋች። ጉልበቷ ወደ ደረቷ ወጣ። ጣቶቿ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ፤ አውራ ጣቷ የመጨረሻዋ ነበረች። በድስት ውሃ እያፈላሁ እጇን እነክርላት ነበር። የድስት ውሃ ግን ክንድ ሳያሞቅ ይቀዘቅዛል። የፈላ ውሃ አያድንም የሚሉትን አሁንም አልቀበልም። ያ ገንዳ የፈላ ውሃ ነበር፣ እናቴን በር ድረስ አስኪዷት ነበር።

መስቀል አልፎ ሜዳው ሲጠና «ወንዛዬ እንውሰዳት» አልሁ። በቅሎ የሚያውሰን አጣን። አባቴና እኔ በወሳንሳ ተሸክመናት፣ እያሳረፍን፣ መንገድ ላይ እያደርን ሄድን። እሷ ደስ ብሏት ነበር።

«ዋናው ይሻላል» ትል ነበር ሰማዩን እያየች። «የእመይቴማ የእንጀራ ልጁ ነው።»

ወሬ ግን ከወሳንሳ ይፈጥናል። ሴቶቹ በሚታጠቡበት በኩል ይዣት ስገባ አንዷ አየችንና ለጎኗ ሹክ አለች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። አንድ በአንድ ተነሱ፣ ልብሳቸውን ሰብስበው ወጡ። ሕፃን የያዘችው የልጇን ፊት ሸፍና ወጣች። እናቴን በዚያ ሁሉ ፍል ውሃ ውስጥ ብቻዋን ዘፈዘፍኋት። ሴቶቹ እርጥብ ሰውነታቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ቆመው እስክትወጣ ይጠብቁ ነበር፤ ጠዋቱ ብርዳም ነበር።

«እመይቴ እንኳ ወንዛዬን ብቻዋን ታጥባ አታውቅ» አለችኝ እናቴ። ፈገግ ብላ ነበር። ኋላ ወደ ድንጋዩ አየች። «ያችኛዋ ሕፃን ይዛለች። ይበርደዋል። አውጭኝ።»

«ገና ምኑን ሞቀሽ! ይብረዳቸው!» አልሁ፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ።

«አውጭኝ አልሁሽ።»

አወጣኋት። ከዚያ በኋላ ብንለምናትም ወንዛዬ አልሄደችም። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ምርኩዟ ከበሩ ኋላ እንደቆመች ዋለች። «ፊቴን ወደ ቁሐር አዙሪልኝ» አለችኝ፣ አዞርኋት።

የብረቱ ጋን ከእመይቴ አጥር ውጭ ተጥሎ ከረመ። የተበላ ብረት ይጋባል ተብሎ የሚነካው አልተገኘም። እያደር ማየቱ ሲያስጠላት ለአባቴ ሰው ላከችበት። መልእክቱ «የጀመራችሁትን ጨርሱት» የሚል ነበር። እኔ እሳት ሆንሁ። አባቴ ግን አህያውን ነድቶ ሄደ፣ ጭኖ አመጣው። ውስጡ ወንፊት ሆኗል። እሳቱን ከውጭ የከበበው ወፍራም ብረት ግን ያ ውሃ ስላልነካው ደህና ነበር። አባቴ ቆራርጦ፣ አግሎ፣ ማረሻ ሠራበት።

በዚያ ዓመት ብረት ጠፍቶ ነበር። ገበሬው ፍርሃቱን እንደያዘ በአጥር በኩል መጣ። ከሚያርስበት ወር የደረሰ ሰው ብረቱ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። የእመይቴ እኩል አራሾችም መጡ። ካረሱት ግማሹ ወደ እሷ ጎተራ ይገባል።

እናቴ መደቧ ላይ ተኝታ የመዶሻውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። አንዱ ማረሻ ባለቀ ቁጥር ትጠይቀኛለች።

«ይሄስ የማነው?»

«የእመይቴ አራሽ ነው።»

«ብረቱ ያው ነው?»

«ያው ነው፣ እምዬ።»

«እንግዲያ ይብሉት» ትላለች።

እርግማን አልነበረም፤ እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በዚያ ብረት መሬቱ ታረሰ፣ ጤፉም ሽምብራውም ወጣ። እመይቴ በላችው፣ ወጥ ቤቷ በላችው፣ ጓሮው ላይ ቆመው የሳቁት ሁሉ በሉት። እመይቴ ማን በላው ብላ ጠይቃ ነበር፤ መልሱ ገበታዋ ላይ ቀረበላት፣ በጨው አጣፍጣ በላችው።

የእናቴ እጅ ግን ከዚያ ክረምት በኋላ አፏ ድረስ አይደርስም ነበር። ብረት በላች ያሏትን ሴት እስክትሞት ድረስ ያጎረስኋት እኔ ነኝ።